በጥቂት ገንዘብ የጨዋታ ላፕቶፕ ስለ መምረጥ፤ በተለይ ለመዘዞና ለደብረ ብርሃን ደጋ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደውን መንገድ ታርማ በር ላይ ትተን ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን ስንይዝ መዘዞ የምትባለውን ከተማ እናገኛለን። የከበረ ድንጋይ የሚነግዱ ሰዎች ይህችን ከተማ የሚያውቋት በ1980ዎቹ በአካባቢዋ በተገኘው ኦፓል ነው። ድንጋዩ መልኩ ወደ ቡናማና ወደ ብርቱካን የሚያደላ፥ ውስጡም በልዩ ልዩ ቀለም የሚጫወት ነው፤ ነገር ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለበት። ከመሬት እንደ ወጣ፥ እርጥብ ሳለ፥ ደምቆ የታየው ድንጋይ ሲደርቅ አንዳንድ ጊዜ ይሰነጠቅና ዋጋ ያጣል። ስለዚህ በዚህ የተቃጠለ ገዢ ድንጋዩን በታየበት ሰዓት ገንዘብ አይቆጥርለትም፤ አድርቆና ጠብቆ ነው እንጂ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ድንጋይ ለመጻፍ አስቤ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ላፕቶፕ፥ ያውም ገበያው «ጌሚንግ» የሚለው፥ ለጨዋታ የተሠራ ላፕቶፕ ነው። ይሁን እንጂ በርካሽ የሚሸጠው የጨዋታ ላፕቶፕ ጠባዩ የመዘዞን ኦፓል ይመስላል። በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ለአምስት ደቂቃ ሲታይ ያምራል፤ ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ ግን ሌላ ዕቃ ሆኖ ይገኛል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን፥ በእኛም ደጋ ነገሩ ለምን እንደሚብስ፥ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ተማሪ ምን አይቶ መግዛት እንደሚገባው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ የመጣብኝ በቤተ ዘመድ በኩል ነው። የአክስቴ ልጅ መዘዞ ተወልዶ ያደገ፥ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ለመማር የተመደበ ወጣት ነው። እናቱ በጎች ሸጣ፥ እርሱም በክረምት የቀን ሥራ ሠርቶ፥ ለአንድ ላፕቶፕ የሚሆን ገንዘብ አጠራቀሙ። ልጁ የሚፈልገው የጨዋታ ላፕቶፕ መሆኑን እናቱ በሰማች ጊዜ እኔ ዘንድ ደወለችና «ልጄ፥ አንተ የተማርክ ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ይኸ ነገር መማሪያ ነው ወይስ መጫወቻ?» አለችኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሁለተኛ የሚሸጥ በግ የለም፤ ምርጫው ከተበላሸ ልጁ አራት ዓመት ያለ መሣሪያ መማሩ ነው።

መማሪያም መጫወቻም ስለ መሆኑ

አንድ ተራ የላፕቶፕ ስክሪን በአግድም 1920፥ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት፤ ቢባዙ ከሁለት ሚሊዮን ይበልጣሉ። ጨዋታ ሳይቆራረጥ እንዲታይ ሥዕሉ በየሰከንዱ 60 ጊዜ ያህል እንደ ገና መሣል አለበት፤ ይኸውም በሰከንድ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነጥብ መሆኑ ነው። ዋናው ፕሮሰሰር ጥቂት ብርቱ ሠራተኞች እንዳሉት ቤት ነው፤ ከባድና ልዩ ልዩ ሥራ ይሠራል እንጂ ይህን ለመሰለ ተመሳሳይ ሥራ አይመችም። ግራፊክስ ቺፑ ግን ብዙ መቶ ወይም ከሺህ በላይ ትንንሽ ሠራተኞችን አሰልፎ፥ ሁሉም አንድ ዐይነት ቀላል ሒሳብ ባንድ ጊዜ እንዲሠሩ ያደርጋል፤ እንደ ደቦ አጨዳ ማለት ነው።

ይኸው የደቦ ሒሳብ የሕንፃ ንድፍ በሦስት ገጽታ ለማሳየት፥ ፊልም ለማቀናበር፥ በአሁኑ ዘመን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውንም ለማሠልጠን ያገለግላል። ስለዚህ ለአክስቴ የሰጠኋት መልስ «ሁለቱንም ነው» የሚል ሆነ። እርስዋ ግን «እንግዲያው የትኛው እንደሚበዛ አንተ ተቆጣጠረው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል። ተማሪው የሚፈልገው ኳስ ለመጫወት ብቻ ከሆነ ላፕቶፕ መግዛት የለበትም። በየከተማችን ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በጨዋታ እየከፈሉ መጫወት ይቻላል፤ ለዚያ ዋጋ ብዙ ዓመት መጫወት ይበቃዋል። በእጅ ተይዞ የሚጫወቱበት፥ እንደ ስቲም ዴክ ያለው በ2014 ዓ.ም. የወጣ መሣሪያም ኮምፒዩተር ነው፤ ነገር ግን ስክሪኑ 7 ኢንች በሆነ ዕቃ የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ የሚል ተማሪ ዐይኑን መጠየቅ አለበት። ከሁሉ የሚረክሰው ተንቀሳቃሽ ጨዋታ ገበጣ መሆኑንም አንርሳ፤ ባትሪ አይፈልግም።

በስም ስለ መታለል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋውም ይህንኑ ተከትሏል። በዚህ ምክንያት በዚህ ጽሑፍ ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ታትሞ እስኪነበብ ድረስ ያረጃልና። አዲስ የጨዋታ ላፕቶፕ ግን ከአብዛኛው ተማሪ ዐቅም በላይ መሆኑን መናገር አያሳስትም፤ የምንነጋገረውም በአዲስ አበባ በመገናኛና በቦሌ አካባቢ ስለሚሸጠው፥ ወይም ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ ስለሚያመጣው፥ ያገለገለ ዕቃ ነው።

ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው የፕሮሰሰሩን ስም ነው። «አይ7 ነው» ይላል፤ ገዢውም ከአይ5 የበለጠ ነው ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ከስሙ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ነው ዕድሜውን የሚናገረው። አይ5-8250ዩ ቢል 8 የትውልዱ ቁጥር ነው፤ አይ7-4600ዩ ቢል አራተኛው ትውልድ ነው። ያረጀ አይ7 ከእርሱ ብዙ ዓመት ዘግይቶ በተሠራ አይ3 ይሸነፋል። በመጨረሻ ያለው ፊደልም ትርጉም አለው፤ ዩ የሚለው ባትሪ ለመቆጠብ ወደ 15 ዋት፥ ኤች የሚለው ደግሞ ለከባድ ሥራ ወደ 45 ዋት የተመደበ ነው።

ትውልዱን ማየት የሚያስፈልገው በሌላም ምክንያት ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በአጠቃላይ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን በደንቡ አይቀበልም። በጓሮ በር የሚያስገቡት አሉ፤ ሆኖም ለአራት ዓመት በሚገዛ ዕቃ ላይ በጓሮ በር መጀመር ደስ አይልም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በግራፊክሱ ነው። አርቲኤክስ 3050 የሚል ምልክት ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። ላፕቶፕ ሠሪዎች ያንኑ ቺፕ ከ35 ዋት እስከ 80 ዋት ድረስ እንደ ፈቃዳቸው ይመግቡታል፤ ቀጭኑ ላፕቶፕ በጥቂቱ፥ ወፍራሙ በብዙ። ይኸውም ሁለት በሬ ስማቸው አንድ ሆኖ አንዱ ግማሽ ጭድ እየተሰጠው እንደሚያርስ ነው። ጂቲኤክስ 1650 በ2011 ዓ.ም. የወጣ አሮጌ ነው፤ ነገር ግን ሙሉውን 50 ዋት የሚያገኘው አሮጌ፥ 35 ዋት የሚያገኘውን አዲስ በረጅም ጨዋታ ሊደርስበት ይችላል። በምልክቱ ላይ ዋቱ አይጻፍም። የሞዴሉን ሙሉ ስም ወስዶ አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠቀምበትን አንድ ምክር ላስገባ። ገበያው «ጌሚንግ» በሚለው ቃል ዋጋ ይጨምራል። ለመሐንዲሶች የተሠሩት ከባድ ላፕቶፖች ግን፥ እንደ ዴል ፕሪሲዥን፥ ኤችፒ ዜድቡክና ቲንክፓድ ፒ ያሉት፥ ቀይ መብራትም የዘንዶ ሥዕልም ስለሌላቸው ተጫዋች አይፈልጋቸውም። ኳድሮ ቲ1000 የሚባለው በእነርሱ ውስጥ የሚገኝ ግራፊክስ ከጂቲኤክስ 1650 ጋር በአንድ ዐይነት ቺፕ ላይ የተሠራ ነው፤ ኳድሮ ፒ1000 ደግሞ ከጂቲኤክስ 1050 ጋር ወንድማማች ነው። ጨዋታውን ይጫወታሉ፤ ለመክፈትና ለመጠገን የተመቹ ናቸው፤ መልካቸው ደግሞ የመሥሪያ ቤት ስለ ሆነ በመምህር ፊት አያሳፍሩም።

ገንዘቡ ለዚህም የማይበቃ ከሆነ የተለየ ግራፊክስ የሌለው፥ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይገዛል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ነገር ራሙ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ማኅደር የለውም፤ ከራሙ ይዋሳል። ራሙ አንድ ቁራጭ ከሆነ በአንድ በር ይመላለሳል፤ ሁለት እኩል ቁራጮች ከሆኑ በሁለት በር ይመላለሳል። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ብቻ ካለው ላፕቶፕ ላይ ሌላ 8 መጨመር በጥቂት ገንዘብ የሚገኝ ትልቅ ለውጥ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ የራም ቦታ ያለው መሆኑን፥ ራሙም በቦርዱ ላይ የተበየደ አለመሆኑን መጠየቅ ይገባል። የስክሪኑ ነገር ቀላል ነው፤ 144 ጊዜ የሚያድስ ስክሪን ሰከንድ 50 ሥዕል ብቻ ለሚሥል ቺፕ ትርፍ ነገር ነው።

ስለ ቀጭኑ አየር

በደብረ ብርሃን ተማሪዎች ዘንድ «እዚህ ብርድ ስለ ሆነ ላፕቶፕ አይሞቅም» የሚል አባባል አለ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ሙቀቱ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ የሚወስዱት የኤሌክትሪክ ኀይል በሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህም ሙቀት በመጀመሪያ በቺፑና በመዳቡ መካከል በተቀባው የሙቀት ቅባት፥ ቀጥሎ በመዳብ ቧንቧዎች ያልፍና በጠርዝ ካሉት ስስ ክንፎች ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ተሸክሞ የሚያወጣው ፋኑ የሚነፍሰው አየር ነው። ፋን የሚያንቀሳቅሰው በመጠን የተወሰነ አየር ነው፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት እንጂ መጠኑ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፥ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚልከው ተሸካሚ በሩብ ያንሳል። አህያው ያው፥ ጭነቱ ያው፥ የአህዮቹ ቁጥር ግን ከአራት ወደ ሦስት ወረደ እንደ ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ላፕቶፕ በባሕር ዳርቻ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ሲጫወቱበት ቺፑ ከክፍሉ አየር በ60 ዲግሪ ይበልጣል እንበል፤ 85 ዲግሪ ሆነ። ከ60ው ውስጥ 30ው በቅባቱና በመዳቡ፥ 30ው በአየሩ በኩል የሚመጣ ነው እንበል። ወደ ደብረ ብርሃን ስናመጣው የመዳቡ 30 አይለወጥም፤ የአየሩ 30 ግን በሦስተኛው ያህል ጨምሮ ወደ 40 ይጠጋል። ክፍሉ 15 ዲግሪ ቢሆን ጠቅላላው እንደ ገና 85 ይሆናል። ብርዱ የሰጠንን 10 ዲግሪ ቀጭኑ አየር መልሶ ወሰደው ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ ንጹሕ ለሆነ ላፕቶፕ ነው። በመንዝና በአካባቢው ቤት ውስጥ የሚነደው በብዛት ኩበት ነው፤ ጢሱ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ በስስ ክንፎቹ መካከል እንደ ጥላሸት ይጋገራል። ሌላው ጠላት ባናው ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሰውን ከብርድ ያድናል፤ ላፕቶፕን ግን ያፍናል። ብርድ ነው ብሎ በአልጋ ላይ፥ ባና ለብሶ፥ ላፕቶፑን በባናው ላይ አስቀምጦ የሚጫወት ተማሪ የአየሩን መግቢያ ከሥር ደፍኖ፥ ጠጉሩንም ወደ ፋኑ እየመገበ ነው። ከሥሩ አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ሙቀቱ ከወሰኑ ሲደርስ ላፕቶፑ አይቃጠልም፤ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጫዋቹ ይህን የሚያውቀው መጀመሪያ እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው ሥዕል ከአሥር ወይም ከሃያ ደቂቃ በኋላ መንተፍተፍ ሲጀምር ነው። ብዙ ሰው «ቫይረስ ገብቶበታል» ይልና ፎርማት ያስደርጋል፤ ፎርማቱ ሲሠራ ላፕቶፑ ስለሚቀዘቅዝ ለጊዜው የተሻለው ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ግልጽ ነው። በእኛ ደጋ ቀጭንና የሚያምር ላፕቶፕ በዚያው ዋጋ ከሚገኘው ወፍራምና ባለ ሁለት ፋን ላፕቶፕ ያነሰ ነው፤ ምንም እንኳ በምልክቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቢበልጥ።

ከፍታን ካነሣን አይቀር የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክም መጠቀስ አለበት። በውስጡ የሚያነበው ጫፍ ከሳሕኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሠሪዎች የሚሠራበትን ከፍታ እስከ 3048 ሜትር፥ ማለት እስከ 10,000 ጫማ ይወስኑታል። ደብረ ብርሃን ከወሰኑ በታች ናት፤ የታርማ በር መሿለኪያ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ወሰኑ ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ መዘዞ ያለው የመኪና ንቅናቄ ይጨመርበት። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ፍጥነቱን ትተን ለዚህ ብቻ እንኳ ኤስኤስዲ ያለውን መምረጥ ይገባል፤ በትንሽ ገንዘብም መለወጥ ይቻላል።

ስለ መብራት፥ ስለ ቻርጀርና ስለ ባትሪ

የጨዋታ ላፕቶፕ በባትሪ አይጫወትም ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም። ባትሪው 50 ዋት ሰዓት ቢይዝ፥ በጨዋታ ጊዜ መሣሪያው 80 ዋት ቢወስድ፥ ሲካፈል 37 ደቂቃ ይሆናል፤ ባትሪው አርጅቶ የሚይዘው 60 በመቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ 22 ደቂቃ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ከመብራት ሲነቀሉ ግራፊክሱን ሆን ብለው ያዳክሙታል። መብራት በሚጠፋበት አገር ላፕቶፑ ቢያንስ ለጽሕፈት ሥራ ሁለት ሦስት ሰዓት መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ባትሪውን መመርመር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ የባትሪውን የመጀመሪያና የአሁኑን መጠን ጽፎ የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ሁለቱን ቁጥር ማነጻጸር በቂ ነው።

ከባትሪው ይልቅ የሚረሳው ቻርጀሩ ነው። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ በ65 ዋት ሲበቃው የጨዋታው 120፥ 150፥ እንዲያውም 230 ዋት ይፈልጋል። ያገለገለው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከራሱ ባልሆነ ቻርጀር ነው። እንደ ዴል ያሉት ላፕቶፖች ደግሞ ቻርጀራቸውን ይመረምራሉ፤ ካላወቁት መሥራት ባያቆሙም ባትሪ አይሞሉም፥ ፍጥነታቸውንም ይቀንሳሉ። ገዢው ቤቱ ገብቶ «ቀርፋፋ ሸጡልኝ» ሲል ጥፋቱ የላፕቶፑ ላይሆን ይችላል። በቻርጀሩ ጀርባ የተጻፈውን ዋት ማንበብ፥ ዋቱ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ስለሚልከው ዕቃ የሚፈሩ አሉ፤ የእነርሱ መብራት 120 ቮልት፥ የእኛ 220 ነውና። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ፥ አብዛኛውም እንዲሁ ነው፥ የሚለወጠው መሰኪያው ብቻ ነው። መብራት ሲመለስ በሚመጣው ድንገተኛ ኀይል ግን ርካሽ ዲቫይደር አያድንም፤ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፥ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጥቂት መቆየት ይሻላል።

ስለ ኢንተርኔት ትንሽ

በኢንተርኔት የሚጫወቱ ሰዎች መዘግየቱን በላፕቶፑ ያሳብባሉ። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ቀጥታው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ሄዶ ለመመለስ ብቻ ቢያንስ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ገመዱም ቀጥ ብሎ አይሄድም። የትኛውም ላፕቶፕ ይህን አያሳጥረውም። ዛሬ አንድ ትልቅ ጨዋታ 100 ጊጋባይት ሊደርስ ስለሚችልም፥ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ከጓደኛ በፍላሽ መቅዳት የተለመደ ሆኗል። ያልታወቀ ቦታ ተሰብሮ የመጣ ጨዋታ ግን ከመመረቂያ ጽሑፍ ጋር በአንድ ዲስክ ላይ ባይቀመጥ እመክራለሁ።

ስለ ግዢው

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ ከውጭ የመጣ ጥሩ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ገዛ። በሦስተኛው ወር ፎርማት ሲያስደርገው መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተገናኘ የአንድ የውጭ ድርጅት ንብረት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አውጥቶ ተቆለፈ። ሱቁ «እኛ ስንሸጥልህ ይሠራ ነበር» አለው፤ እውነትም ይሠራ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩ ፊት ዊንዶውሱ እንደ ገና እንዲጫን፥ ከስልክ ኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ፥ ባዮሱም ያለ ይለፍ ቃል እንዲከፈት መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ሻጩን ያሰለቸዋል፤ ይሁን።

የአክስቴን ልጅ ይዤ በዞርኩ ጊዜ በፍላሽ አንድ ከባድ ጨዋታ ይዘን ነበር። ልጁ ገና ከመጀመሪያው ሱቅ አንድ ቀጭን፥ ባለ አርቲኤክስ 3050፥ ቀይ መብራት የሚያበራ ላፕቶፕ ዐይኑን ጣለበት። ግማሽ ሰዓት እንድናጫውተው ስንጠይቅ ሻጩ «ወንድሜ፥ እዚህ ቤት ዕቃ ይሸጣል እንጂ ጌም አይከራይም» አለን። ለምነን አሥራ አምስት ደቂቃ ፈቀደልን። መጀመሪያ ያማረ ነበረ፤ በአሥረኛው ደቂቃ አካባቢ በማዕዘኑ የሚታየው የሥዕል ቁጥር መውረድ ጀመረ፤ ሙቀቱን በታስክ ማናጀር ስናይ ከፍተኛው ላይ ቆሟል። ልጁ አሁንም ዐይኑን ከቀዩ መብራት አላነሣም። «ጋሼ፥ ስናጸዳው አይስተካከልም?» አለኝ። ሊስተካከል ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሊስተካከል በሚችል ነገር ላይ የእናቱን በጎች መወራረድ አልፈለግሁም።

በሦስተኛው ቀን በሌላ ሱቅ ዘጠነኛ ትውልድ ፕሮሰሰርና ኳድሮ ቲ1000 ያለው፥ ጥቁር፥ ከባድ፥ ሁለት ፋን ያለው የመሐንዲስ ላፕቶፕ አገኘን። ማዕዘኑ ተፋፍቋል፤ ከቁልፎቹም አንዱ ፊደሉ ጠፍቷል። ቻርጀሩ የራሱ ነበረ። ባለ ሱቁ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ «ልጆቼ፥ እስክትጠግቡ ሞክሩት፤ እኔም ምሳዬን ልብላ» ብለው ትተውን ሄዱ። አርባ ደቂቃ አጫወትነው። የሥዕሉ ቁጥር ሲጀምር ከቀጭኑ ያነሰ ነበረ፤ ሲጨርስም ያው በጀመረበት ነበረ። ዋጋው ከቀጭኑ ስለ ቀነሰ በቀረው ሁለተኛ ራምና የሙቀት ቅባት ገዛን።

በገና ዕረፍት መዘዞ ሄጄ ላፕቶፑን ከፍተን አየነው። ከገዛን አራት ወር ሳይሞላ በመዳብ ክንፎቹ ላይ ስስ የኩበት ጥላሸትና አንድ እፍኝ የማይሞላ የበግ ጠጉር ተጋግሮ አገኘን። በቀጭን ብሩሽ ጠረግነው፤ ቅባቱን ለወጥን፤ ተመልሶ ሲዘጋ የፋኑ ድምፅ ቀነሰ። አክስቴ አጠገባችን ሆና ስትመለከት ቆይታ «ይኸ ሁሉ ከእኔ ቤት የገባ ነው?» አለች፤ ከዚያም ልጇ ምሽት ምሽት የሚሠራበትን ጠረጴዛ ከምድጃው አጠገብ አንሥታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው።